ሀዋሳ ሐይቅ ዳር የሚሸጥ ስቱዲዮ፦ ይገዛ ወይስ ይለፍ?

ሰሞኑን «ሐይቅ ዳር የሚሸጥ ስቱዲዮ አግኝቻለሁ፣ ምን ትመክሩኛላችሁ?» የሚል ጥያቄ በዝቷል። ስቱዲዮ ስንል ሁሉ ነገር በአንድ ክፍል የሆነ አፓርታማ ነው። ጠያቂዎቹ በብዛት አዲስ አበባ የሚሠሩ ናቸው። ቅዳሜና እሁድ ሊያርፉበት፣ በቀሩት ቀናት ሊያከራዩት ያስባሉ። ሐሳቡ ክፉ አይደለም። ችግሩ ሁለቱን ነገር በአንድ ቤት ለማግኘት መፈለጉ ነው። ለማረፊያ የሚመረጠውና ለኪራይ የሚመረጠው ቤት ሀዋሳ ላይ አንድ ቦታ አይገኝም።

ለማረፊያ ከሆነ ሐይቅ ዳርን የሚያህል የለም። ጠዋት በእግር ፍቅር ሐይቅ ወደሚባለው የሐይቁ ዳርቻ ወርዶ መመለስ፣ ከአሞራ ገደል የዓሣ ገበያ ትኩስ ዓሣ ይዞ መምጣት፣ ሰፊውን መንገድ በብስክሌት መዞር ይቻላል። እዚህ ያሉት አዳዲስ አፓርታማዎች ጥበቃ አላቸው፤ አንዳንዶቹ ጄኔሬተርና ሊፍትም አላቸው። ለአንድ ሰው ወይም ለባልና ሚስት ስቱዲዮ ይበቃል።

ቤቱን ስታዩ ግን ከበረንዳው እይታ በፊት ግድግዳውን እዩ። የሀዋሳ ሐይቅ ጥቁር ውሃ የሚባል ወንዝ ይገባበታል እንጂ ከሱ የሚወጣ ወንዝ የለም። ስለዚህ ዝናብ ሲበረታ ውሃው ከፍ ይላል፣ የዳርቻው መሬትም እርጥበት ይይዛል። ግራውንድ ላይ ያለ ስቱዲዮ ከታች ቀለሙ ከተላጠ ወይም ነጭ ጨው የመሰለ ነገር ካወጣ፣ በቀለም የሚሸፈን እንጂ የሚድን አይደለም። የሚቻል ከሆነ በክረምት ሄዳችሁ እዩት። እኔ ከሁለተኛ ፎቅ በታች አልመክርም። ለወባ ትንኝም ከፍ ማለት ይሻላል፤ መስኮቱ ላይ ወንፊት ከሌለ ዋጋ ስትደራደሩ አንሱት።

ሌላው ውሃ ነው። ስንት ሮቶ አለ? ፓምፑ መብራት ሲጠፋ በጄኔሬተር ይሠራል? ሕንፃው የራሱን ጉድጓድ የሚጠቀም ከሆነ ለመጠጥ አትመኑት። የስምጥ ሸለቆ የከርሰ ምድር ውሃ ፍሎራይድ ይበዛበታል፤ የልጆችን ጥርስ የሚያበላሸው እሱ ነው። ስለ ሴፕቲክ ታንኩም አትፈሩ፣ ጠይቁ። ፍሳሽ የሚመጥ መኪና በየስንት ጊዜው እንደሚመጣ ጥበቃው ከሻጩ በላይ ያውቃል።

እሁድ ማታ ደግሞ ሂዱ። በሐይቁ ዳር ያሉት መዝናኛ ቤቶች ሙዚቃ እስከ ስንት ሰዓት እንደሚቆይ ማንም ደላላ አይነግራችሁም።

ስቱዲዮ ውስጥ ወጥ ቤቱ፣ መኝታውና ሳሎኑ አንድ መሆኑን ደግሞ ሰው አቅልሎ ያየዋል። ሽንኩርት ሲቁላላ አልጋ ልብሱም አብሮ ይቁላላል። የኤሌክትሪክ ምጣድ ብቻውን ከ3 ኪሎዋት በላይ ይስባል፤ የቤቱ መስመር ይህን ይችል እንደሆነ በኤሌክትሪሻን አስፈትሹ። ካልቻለ እንጀራ ገዝታችሁ መብላት ነው።

በዚህ በኩል መንግሥት የሠራቸው ኮንዶሚኒየሞች ይሻላሉ። ፊኒሺንጉ ሸካራ ነው፣ ሊፍት የለም፣ ከላይ ፎቅ ውሃ ላይደርስ ይችላል። ግን ኮሚናል፣ ማለትም ነዋሪው በጋራ የሚጠቀምበት ቤት አላቸው። እንጀራ ይጋገራል፣ ለበዓል በግ ይታረዳል፣ ለቅሶ ሲኖር ድንኳን የሚተከልበት ግቢ አለ። የጎረቤት ዕድርም ታገኛላችሁ። ቋሚ ኑሮ ሀዋሳ ለሚጀምር ወጣት፣ እኔ ብሆን የኮንዶሚኒየም ስቱዲዮ ነው የምጠቁመው። ጥንቃቄ የሚያስፈልገው በዕጣ የተላለፉ ቤቶች ለተወሰነ ዓመት እንዳይሸጡ ገደብ ሊኖርባቸው ስለሚችል ነው። ገደቡ ሳያልቅ «በውክልና እንጨርሰው» የሚል ሻጭ ካጋጠማችሁ ተሰናበቱት።

ለኪራይ ከሆነ ግን ሐይቅ ዳሩንም ስቱዲዮውንም እርሱት። በዚያው ገንዘብ አቶቴ ሰፈር ወይም ሪፈራል ሆስፒታል አካባቢ ሰፋ ያለ ባለ አንድ መኝታ ፈልጉ። እዚያ ተከራዩ ሐኪም፣ ነርስ፣ መምህር ነው፤ ዓመቱን ሙሉ ይኖራል። «ኢንዱስትሪ ፓርኩ አለ፣ ተከራይ አይጠፋም» የሚሉ ደላሎች አሉ። በ2008 የተመረቀው ፓርክ ብዙ ሠራተኛ ማምጣቱ እውነት ነው። ግን አብዛኞቹ ልጆች በደመወዛቸው አንድ ክፍል ለብዙ ሆነው የሚከራዩ ናቸው። የሐይቅ ዳር አፓርታማ የሚከራየው ባለሙያና ኃላፊ ጥቂት ነው።

በቀን ማከራየትስ? ለሲዳማ ዘመን መለወጫ ለፍቼ ጨምበላላ፣ ለታኅሣሥና ለሐምሌ ገብርኤል ከተማው ይሞላል፣ ጥሩ ይገኝበታል። በመሃል ያሉት ሳምንታት ግን ከፔንሲዮኖች ጋር መፎካከር ነው። ቁልፍ የሚሰጥ፣ አንሶላ የሚያጥብ ሰው እዚያው ከሌላችሁ ከአዲስ አበባ ሆናችሁ አትችሉትም።

ዋጋ ስታነጻጽሩ በካሬ አካፍሉ። ግን የትኛው ካሬ? አንዳንዱ ሻጭ በረንዳውን፣ ኮሪደሩንና የደረጃውን ድርሻ ሁሉ ደምሮ ይነግራችኋል። ሜትር ይዛችሁ ከግድግዳ እስከ ግድግዳ ለኩ፤ ሌላውንም ቤት እንደዚያው ለኩና አወዳድሩ።

አሁን ወደ ወረቀቱ። የጋራ ሕንፃ ቤት ባለቤትነት አዋጅ ቁጥር 370/1995 እያንዳንዱ ቤት ለብቻው ባለቤት እንዲኖረው፣ ደረጃው፣ ጣሪያውና ግቢው ደግሞ የጋራ እንዲሆን ያደርጋል። ስለዚህ የምትገዙት ስቱዲዮ የራሱ ካርታ ሊኖረው ይገባል። ካርታው በሕንፃው ባለቤት ስም ብቻ ከሆነና «በኋላ ለየቤቱ እንከፋፍለዋለን» ከተባላችሁ፣ ቤቱ የቱንም ያህል ቢያምር ይለፋችሁ። ቦታው የሊዝ ከሆነ ቀሪ ዕዳ መኖሩን ጠይቁ። ከዕዳና ከእገዳ ነፃ መሆኑን ከማዘጋጃ ቤት አረጋግጡ። ሻጩ ባለትዳር ከሆነ የሁለቱም ፊርማ ያስፈልጋል። በወኪል ከሆነ ውክልናው መሸጥን የሚጨምር መሆኑንና አለመሻሩን ከሰጠው ጽሕፈት ቤት ጠይቁ።

ቀብድ ላይ ሕጉ ግልጽ ነው። ገዢ ካፈገፈገ የሰጠው ይቀርበታል፤ ሻጭ ካፈገፈገ እጥፉን ይመልሳል። ለዚህም ቢሆን በጽሑፍ ይሁን። የሽያጩ ውል ደግሞ በጽሑፍ ከመሆኑም በላይ በፍርድ ቤት ወይም ውል የማዋዋል ሥልጣን ባለው አካል ፊት መፈረም አለበት። ሰፈር ውስጥ በሦስት ምስክር የተፈረመ ወረቀት ስም አያዛውርም።

ደላላና ጠበቃ ከሚለው ውስጥ አንዱን ብቻ የሚይዝ ሰው ይገርመኛል። ደላላው ቤት ያገኝላችኋል፤ ብዙ ጊዜ 2 ፐርሰንት ይጠይቃል፣ ክፍያውን ስም ከዞረ በኋላ አድርጉት። ጠበቃው ወረቀቱን ያነባል፤ የሚያስከፍለው ብዙ ጊዜ ከደላላው ያነሰ ነው፣ ደግሞ ሽያጩ ቢፈርስ አይከፋውም። ደላላው ያመጣላችሁን ጠበቃ ግን አትያዙ።

በጀታችሁ ላይ የስም ማዛወሪያውን ጨምሩ። የቴምብር ቀረጡ ብቻ 2 ፐርሰንት ነው። ስሌቱም በተዋዋላችሁት ዋጋ ሳይሆን ማዘጋጃ ቤቱ ራሱ በሚያወጣው ግምት ሊሆን ይችላል። የትኛውን ወጪ ማን እንደሚከፍል ውሉ ላይ ስፈሩ። የሕንፃው የነዋሪዎች ማኅበር ካለ፣ የጥበቃና የጄኔሬተር ወርሃዊ መዋጮ በሻጩ ላይ ያልተከፈለ ቀሪ እንዳለው ገንዘብ ያዡን ጠይቁ፤ የመብራትና የውሃ ቆጣሪውም በማን ስም እንደሆነ እዚያው እዩ።