ጥቆማ፦ ለስትሮክ የሚከፍል መድን ደሴና ኮምቦልቻ ላይ የቱ ይሻላል?

የሐይቅ ልጅ፦
ሰላም ወሎዎች። አባታችን ሐይቅ ናቸው፤ ስትሮክ መቷቸው ቀኝ እጅና እግራቸው አልታዘዝ ብሏል፣ አሁን ከሆስፒታል ወጥተዋል። ታላቅ ወንድሜ 44 ዓመቱ ነው፣ ኮምቦልቻ ፋብሪካ ተቀጣሪ ነው፣ የደም ብዛት ክኒን ይወስዳል። ለሱ ከወዲሁ መድን ልንገባለት ነው። የቱ ኩባንያ ለስትሮክ በአግባቡ ይከፍላል? «የአደጋ መድን» የሚሉት ይሆናል? ለአባታችንስ የሚሆን አለ?

ቧንቧ ውሃ፦
ፒያሳ ያለው የኔ ወኪል ጋ ሂድ፣ ሌላ አትዙር። ስልክ ያነሳል፣ ሰው ያከብራል፣ ቡና ሳይጋብዝ አይሸኝም።

ሙጋድ፦
ቡናው በፖሊሲው ውስጥ ነው ወይስ ተጨማሪ ክፍያ፣ አረቦን የሚሉት፣ አለው?

ካሳ አጣሪ፦
መጀመሪያ ስሙን እናጥራው። የግል አደጋ መድን ለስትሮክ አይከፍልም። ውሉ የሚለው «ድንገተኛ፣ ከውጭ የመጣ፣ በዓይን የሚታይ ምክንያት» ነው፤ ባጃጅ ሲገጭ፣ ከመሰላል ሲወደቅ። ስትሮክ ከውስጥ ነው፣ የአንጎል ደም ሥር ተደፍኖ ወይ ፈንድቶ። ስትሮክ ይዞት ከደረጃ ቢወድቅና እግሩ ቢሰበር እንኳ ክርክር አለው፣ «የወደቀው ታሞ ነው» ይሉሃል። የምትፈልገው የከባድ ሕመም ሽፋን ነው፤ እዚህ ሲገኝ በአብዛኛው በሕይወት መድን ላይ የሚታከል አንቀጽ ሆኖ ነው። ቅርንጫፍ ገብተህ «ስትሮክ ይሸፍናል ወይ?» አትበል፣ ሁሉም አዎ ነው መልሱ። «ስትሮክ ማለት ምን እንደሆነ የተጻፈበትን ገጽ አሳየኝ» በል። ገጹን የማያሳይህን ተወው።

ሜልቦርን ያለሁ፦
ግራ መጋባቱ ከስሙ ነው። አውስትራሊያና ኒውዚላንድ ይህንኑ የከባድ ሕመም ሽፋን «ትራውማ ኢንሹራንስ» ይሉታል፤ ቃል በቃል ሲተረጎም አደጋ ይመስላል፣ ግን አይደለም። የሕክምና ደረሰኝ አይቆጥርም፣ አንድ ጊዜ ጠቅላላውን ገንዘብ ይሰጥሃል፣ ምን ላይ እንደምታውለው አይጠይቅም። ሰው የሚያውለው ፊዚዮቴራፒ ላይ፣ መታጠቢያ ቤት የሚያዝ ብረት ማስገጠም ላይ፣ ለማስታመም ሥራዋን ያቆመች ሚስት ደሞዝ ምትክ፣ የቤት ዕዳ ላይ ነው። ወጥመዶቹም የታወቁ ናቸው፦ ብዙውን ጊዜ ውሉ ከተጀመረ በመጀመሪያዎቹ 90 ቀናት የመጣ ስትሮክ አይከፈልም፤ ብዙ ውሎች ከሕመሙ በኋላ 14 ቀን በሕይወት መቆየትን ይጠይቃሉ፤ መጥቶ ወዲያው የሚለቀው «ሚኒ ስትሮክ» አይቆጠርም። ወርሃዊ ደሞዝ የሚተካው ሌላ ውል ነው፣ ከዚህ ጋር አታምታቱት።

ደጋን፦
ተዉት ባካችሁ! አንዱ ኩባንያ፣ ስሙን አልጠራም፣ አምስት ዓመት አረቦን ሲሰበስብ ከርሞ ካሳው ሲጠየቅ ውድቅ አደረገ። ምክንያቱ? የሆስፒታሉ ወረቀት ላይ «የቆየ የደም ብዛት ያለበት» ተብሎ ተጽፏል፣ ቅጹ ላይ ደግሞ «የለበትም» ይላል። ቅጹን የሞላው ማን ነው? ወኪሉ! ደንበኛው የፈረመው ብቻ ነው።

አራዳ፦
ወላሂ ሁሉም እንደዚያ ናቸው።

ሰኞ ገበያ፦
ሲሸጡ ወንድም፣ ሲከፍሉ ዳኛ።

ሙጋድ፦
ስለዚህ ምክሩ ምንድነው? ሐኪም ፊት ግፊት የለብኝም ብላችሁ ዋሹ ነው?

ካሳ አጣሪ፦
በጭራሽ። ለሐኪም መዋሸት ገዳይ ነው። እውነቱን መናገር ያለብህ ቅጹ ላይ ነው። ወንድምህ ክኒን እየወሰደ «ጤነኛ ነኝ» ብሎ ቢፈርም ውሉ ወረቀት ነው፣ ሌላ ምንም አይደለም። ቅጹን ራሱ በእጁ ይሙላ፣ እንግሊዝኛ ከሆነ በቃል አስተርጉሞ፤ የመድኃኒቱን ስምና መጠን፣ የመጨረሻ የግፊት ልኬቱን ይጻፍ፣ የሞላውን ቅጽ ኮፒ ማኅተም አስመትቶ ይያዝ። ኩባንያው ሦስት ነገር ሊያደርግ ይችላል፦ አረቦን ይጨምራል፣ ስትሮክን ከሽፋኑ ያወጣል፣ ወይ አይቀበልም። ስትሮክን ካወጣው ግን ለምን ትገዛለህ?

ካሳ በጽሕፈት ጉዳይ ሲንጓተት ደግሞ ብዙ ጊዜ በስም ነው። «መሐመድ» የሚለው ስም ሲቲ ስካኑ ላይ በላቲን ፊደል አንድ ዓይነት፣ ፖሊሲው ላይ ሌላ ዓይነት ይጻፋል። ቀኑም እንዲሁ፦ ፖሊሲው በፈረንጅ፣ የሆስፒታሉ ካርድ በእኛ። ከሆስፒታል ሳትወጡ ስምና ቀን አስተካክሉ። የሲቲ ስካኑን ፊልምም ሪፖርትም ያዙ፣ የመውጫ ማጠቃለያውንም።

ሸዋ በር፦
ኢንሹራንሱን ተዉትና አባትን ወጌሻ ጋ ውሰዷቸው። አንድ የማውቀው አለ፣ እጁ ወርቅ ነው።

ፊዚዮ ደሴ፦
ወጌሻ ለወለምታ ነው። እዚህ የተጎዳው አንጎል እንጂ መገጣጠሚያው አይደለም። የዛለ ትከሻ ሲጠመዘዝና ሲጎተት ይወልቃል፣ ከዚያ ወዲያ እጁ ቢመለስ እንኳ ሕመሙ አይለቅም። ስታነሷቸውም ከብብት ወይ ከክንድ አትጎትቱ፤ ወገባቸውን ያዙ።

የሐይቅ ልጅ፦
እሺ ወጌሻው ይቅር። ግን የአባቴን ጉዳይ ማንም አልመለሰልኝም እኮ።

ተሁለደሬ፦
አብሽር ወንድሜ። አንዴ ከታመሙ በኋላ የከባድ ሕመም ሽፋን የሚሸጥላቸው የለም፣ ያንን እርሳው። የአባትህ መንገድ የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድን ነው። ሐይቅ ላይ እንግዳ ነገር አይደለም፤ በ2003 ሲጀመር ከሙከራ ወረዳዎቹ አንዷ ተሁለደሬ ነበረች። መታወቂያው መታደሱን እዩ፣ ያላደሰ ከኪሱ ነው የሚከፍለው። ለክትትል ከጤና ጣቢያ ሪፈር ይዛችሁ ሂዱ፤ በቀጥታ ደሴ ከገባችሁ ወጪው የናንተ ነው። ድንገተኛ ከሆነ ግን ሪፈር አትጠብቁ። ሆስፒታሉ መድኃኒት ካጣ ማዘዣው ላይ «የለም» አስብላችሁ ማኅተም አስመቱ፣ የውጭውን ደረሰኝም አስቀምጡ፤ ይመለስ አይመለስ የሚወስነው የወረዳው ጽሕፈት ቤት ነው። ወንድምህ ደሞዝተኛ ስለሆነ በዚህ አይገባም።

አራዳ፦
ቅሬስ? ቅሬያችን፣ እድራችን፣ እያለ ኢንሹራንስ ምን ያደርጋል?

ሙጋድ፦
ቅሬ የሚደርሰው ከሞትክ በኋላ ነው። ሰውየው መዳን ነው የፈለጉት።

ጢጣ፦
የተካፉል (ከወለድ ነፃ የሆነ መድን) መስኮት ያለው ኩባንያ አለ ወይ? ወለድ እንዳይነካካን።

ቧንቧ ውሃ፦
የኔ ወኪል ያውቃል።

ካሳ አጣሪ፦
አለ፣ ግን የከባድ ሕመም አንቀጽ እንዳለው ለብቻው ጠይቁ።

ለጠያቂው አንድ ነገር ልጨምር፣ ብዙ ሰው የሚስተው ነው። ውሎቹ ጉዳቱ «ቋሚ» መሆኑን ያስመሰክራሉ፣ አንዳንዱ ከ6 ሳምንት በኋላ፣ አንዳንዱ ከ3 ወር በኋላ። ፊዚዮቴራፒ ደግሞ ከሁሉ ይበልጥ የሚሠራው በነዚያው በመጀመሪያ 3 ወራት ነው። ገንዘቡ የሚመጣው ዋናው ጊዜ ካለፈ በኋላ ነው ማለት ነው። ስለዚህ ወንድምህ ሌላ መሸጋገሪያ ማወቅ አለበት። በአዋጅ 1156/2011 የሕመም ፈቃድ እስከ 6 ወር ነው፦ የመጀመሪያው ወር ሙሉ ደሞዝ፣ ቀጣዮቹ 2 ወራት ግማሽ፣ የመጨረሻዎቹ 3 ያለ ደሞዝ። መሥራት ካልቻለ የሕክምና ቦርድ ማስረጃ ይዞ በጡረታ በኩል የጤና ጉድለት አበል አለ፣ 10 ዓመት አገልግሎት ካለው። ፋብሪካው የቡድን ሕክምና መድን ካለውም የሚከፍለውን ጣሪያና ፊዚዮቴራፒ መግባቱን የሰው ኃይል ክፍሉን ይጠይቅ።

ደጋን፦
ጠይቅ ጠይቅ። ሲመልሱልህ ንገረን።

የሐይቅ ልጅ፦
ሁላችሁንም አላህ ይስጥልኝ። ፊዚዮ፣ ለአባቴ ባለ አራት እግር ምርኩዝ ተገኝቷል፤ ልኩ እንዴት ነው የሚታወቀው? በየትኛው እጅ ነው የሚይዙት?

ፊዚዮ ደሴ፦
በደህናው፣ በግራ እጃቸው። ጫማቸውን አድርገው ቀጥ ብለው ይቁሙ፣ እጃቸውን ወደታች ይልቀቁ፤ መያዣው የእጅ አንጓው ላይ መድረስ አለበት፣ ሲይዙት ክርናቸው ትንሽ ይታጠፋል። ከረዘመ ትከሻቸው ይነሳል፣ ካጠረ ይጎብጣሉ። ደረጃ ሲወጡ ደህናው እግር ይቀድማል፣ ሲወርዱ ምርኩዙና የታመመው። የእግሮቹን ጎማ እያያችሁ ቀይሩ፣ ሲያልቅ ሊሾ ላይ ያንሸራትታል።

ቧንቧ ውሃ፦
ምርኩዙን ከመግዛታችሁ በፊት ወኪሌን ጠይቁት፣ የት እንደሚረክስ ያውቃል።