ዘመድ ሳልሆን የሳብታን እህቶች ያድ ቫሼም ማስመዝገብ እችላለሁ?

የወገራ ልጅ (ነታንያ)፦

ሰላም ለሁላችሁ። ጥያቄዬ አጭር ናት፤ በሆሎኮስት፣ ናዚዎችና አጋሮቻቸው አይሁዶችን በፈጁበት ጊዜ፣ የሞቱትን ስም ስለሚመዘግበው ስለ ኢየሩሳሌሙ ያድ ቫሼም ናት። ወሬዬ ግን ሊረዝም ነው፣ ታገሡኝ።

ሰባት ዓመት ሜታፔሌት (የአረጋውያን ተንከባካቢ) ሆኜ የሠራሁላቸው አሮጊት ከፋሲካ በፊት አረፉ። ዘጠና ዓመታቸው ነበር። ስማቸውን እዚህ አልጽፍም፤ እኔም የምጠራቸው ሳብታ (በእብራይስጥ አያቴ) እያልኩ ነበር። የተወለዱት ቸርኖቪትስ ነው፤ ያኔ የሮማኒያ፣ ዛሬ የዩክሬን የሆነች ከተማ። በ1941 መኸር፣ የስድስት ዓመት ልጅ ሳሉ፣ ከነቤተሰባቸው በባቡር ተጭነው፣ ድኒስተር ወንዝን ተሻግረው ሞጊሌቭ ጌቶ (አይሁዶች የታጎሩበት ሰፈር) ገቡ። በዚያው ብርድ ታይፈስ ገባና ሁለት ታናናሽ እህቶቻቸውን በአሥር ቀን ልዩነት ወሰደ። ከዚያ አባታቸውን። መቃብር የሚባል ነገር የለም፤ መሬቱ በረዶ ሆኖ አልቆፈር ብሎ ነበር ይሉኛል።

ይሄን ሁሉ ባንድ ቀን እንዳይመስላችሁ። የመጀመሪያ ሁለት ዓመት በድንች ልጣጭ ስንጣላ ነው ያለፈው። ስልጥ አጠገቤ ይቆሙና ልጣጩን አንስተው ወደ መስኮቱ ይይዙታል። ብርሃን ካላሳለፈ ወፍራም ነው፣ ቁጣው ይመጣል። እኔም ቤቴ ገብቼ “እኚህ ሴትዮ እንዴት ያሉ ቆንቋና ናቸው” እያልኩ ለባሌ አማቸው ነበር። ሞጊሌቭ ላይ እናታቸው ከሰው ደጅ የተጣለ ልጣጭ እየለቀሙ ሲቀቅሉላቸው እንደኖሩ የሰማሁት በሦስተኛው ዓመት ነው። አፈርኩ። የኔስ እናት እስከ ዛሬ የቧንቧ ውሃ ሲፈስ ካየች ትጮህ የለ? እኛም እኮ ወደ እስራኤል ለመምጣት ሱዳን በእግራችን የገባን ሰዎች ነን።

አንድ ዮም ሃሾአ (የሆሎኮስት መታሰቢያ ቀን) ዕለት፣ በፈረንጅ አቆጣጠር ከጠዋቱ 10 ሰዓት ላይ ሲረኑ ጮኸ። አገሩ ሁሉ ሲቆም ሳብታ ይቀመጣሉ፤ እኔ እቆማለሁ። ሁለት ደቂቃው ሲያልቅ “አንቺ ለማን ነው የምትቆሚው?” አሉኝ። ለእርስዎ ሰዎች አልኳቸው። “ያንቺስ?” አሉ። ታናሽ ወንድሜ በ1984 ሱዳን ውስጥ ኡምራኩባ የስደተኞች ካምፕ እንደቀረ ነገርኳቸው። እኔ ዘጠኝ፣ እሱ አራት ዓመቱ ነበር።

“ስሙ ማን ነበር?”

እዚህ አገር ከገባሁ ስንት ቅጽ ሞልቻለሁ፣ ስንት ሰው ጉዳዬን ጽፏል። ስሙን የጠየቀኝ ግን አልነበረም። ነገርኳቸው። እርሳስ አምጪ አሉኝ። የእህቶቻቸው ስም ካለበት ወረቀት ላይ፣ ከሥር፣ በእብራይስጥ ጻፉት። ስሙ ውስጥ “ጠ” አለ፤ አልወጣላቸው ብሎ ሦስቴ አስደገሙኝ።

ያ ወረቀት አሁን እኔ ጋ ነው። ሳብታ እህቶቻቸውን ራሳቸው ያስመዘገቡ አይመስለኝም፤ ባነሳሁባቸው ቁጥር “ከፈረምኩማ ሞቱ ማለት ነው” ይሉ ነበር። ልጅ አልወለዱም። የሟች ባላቸው ወንድም ልጅ ከውጭ አገር ደውሎ “የፈለግሽውን ውሰጂ፣ የቀረውን አስጥይው” አለኝ። እኔ ወረቀቷንና የድንች ቢላዋቸውን ወሰድኩ።

እና፣ የሥጋ ዘመድ ሳልሆን ቅጹን ልሞላ ይፈቀድልኛል? የልደት ቀናቸውን አላውቅም፤ አንዷ አራት፣ አንዷ ሁለት ዓመቷ እንደነበር ብቻ ነው የማውቀው። የሳብታንስ ስም እዚያው ላስገባ?

---

አባ መዝገብ (ረሆቮት)፦

እግዚአብሔር ያጽናሽ እህቴ። ይፈቀዳል። “ዳፍ ኤድ” ይባላል፤ የምስክር ወረቀት ማለት ነው። ዘመድም፣ ወዳጅም፣ የሚያውቅ ሰውም ይሞላል፤ አንቺ ማን እንደሆንሽና ከሟቹ ጋር ምን እንደሚያገናኝሽ ጽፈሽ ትፈርሚያለሽ። ለአንድ ሰው አንድ ወረቀት ነው፤ የሁለቱን በአንድ ላይ እንዳታደርጊ። ቀኑን ካላወቅሽ ግምት ዕድሜ ይበቃል። የአባትና የእናት ስም፣ ከጦርነቱ በፊት የኖሩበት ከተማ፣ የሞቱበት ቦታ ይጠየቃል። ሳብታን እዚያ አታስገቢ፤ ዳፍ ኤድ ለተገደሉትና እንደ እህቶቻቸው በጌቶና በካምፕ ለሞቱት ነው። ከሁሉ በፊት ግን ኢንተርኔት ላይ ያለውን የስም መዝገብ ፈልጊበት፤ ሌላ ሰው አስመዝግቧቸው ይሆናል።

የቸርኖቪትስ ነገር ካነሳሽ አይቀር፣ ከንቲባው ትራያን ፖፖቪች ለከተማዋ ይጠቅማሉ እያለ ወደ 20,000 ለሚሆኑ አይሁዶች የመቆያ ፈቃድ አሰጥቷል። በ1969 ያድ ቫሼም አይሁዶችን ካዳኑ “ጻድቃን” ቆጥሮታል። የሳብታ አባት ፈቃዱ አልደረሳቸውም ማለት ነው።

ደግሞ “ያድ ቫሼም” የሚለው ስም የወጣው ከኢሳይያስ 56፥5 ነው፣ “መታሰቢያና ስም” ከሚለው። ከሱ በላይ ያሉትን ቁጥሮችም አንብቢ፤ ቃሉ የተነገረው ልጅ ለሌለው ሰው ነው።

---

ያልታደለ፦

ልብሽ መልካም ነው፣ አልነቅፍሽም። ግን ልጠይቅሽ፤ በሱዳን መንገድ ወደ 4,000 የሚሆን ወገናችን ቀርቷል። ለነሱ ከነጮቹ ማን ቅጽ ሞላ? ሲረንስ ማን ጮኸላቸው?

---

የወገራ ልጅ፦

ወንድሜ፣ ሲረኑ የለም፣ እውነትህን ነው። እኔም በኢየሩሳሌም ቀን፣ በ28 ኢያር፣ ሄርዝል ተራራ ላይ ለኛዎቹ የሚደረገው መታሰቢያ በየዓመቱ ስሄድ የማለቅሰው ከፊሉ በንዴት ነው። ግን ከነጮቹ ማን ላልከው አንዲት አውቃለሁ። በእርሳስ ነው የጻፉት።

---

ዮናታን ዘ አፉላ፦

እትዬ፣ አማርኛዬን ይቅርታ አድርጉልኝ፣ እዚህ ነው የተወለድኩት። አያቴም በሱዳን ነው የመጣችው፣ ስለዚያ ግን አታወራም። እርስዎ የጻፉትን ጮክ ብዬ አነበብኩላት። “ኡምራኩባ” ስል ቡናውን ትታ ወጣች፤ ከዚያ ተመልሳ ሁለት ስም ነገረችኝ። አንዱን ሰምቼው አላውቅም ነበር። የእብራይስጥ ቅጹን መሙላት ከከበደዎት በስልክ አግዝዎታለሁ።

---

የወገራ ልጅ፦

ዮናታን የኔ ልጅ፣ ተባረክ። ሁለቱንም ስም ዛሬውኑ ጻፋቸው፤ አያትህ ነገ ሐሳባቸውን ሊቀይሩ ይችላሉ።

አባ መዝገብ፣ እንዳሉኝ ፈለግሁ። እህቶቻቸው የሉም። አባታቸው ግን አሉ! በ1956 የተሞላ ወረቀት ነው፣ ጽሑፉ በእጅ። ከሟቹ ጋር ያለው ግንኙነት በሚለው ቦታ ላይ “ጎረቤት” ይላል። ሳብታ ይሄን ያውቁ እንደሆነ እንጃ፤ አንድ ቀን ነግረውኝ አያውቁም።

እኔ እንግዲህ ሁለት ቅጽ አትሜያለሁ። በዚያች ቦታ ላይ “ሜታፔሌት” ብዬ ልጽፍ ነው። ዮናታን፣ እሑድ ከ4 ሰዓት በኋላ እቤት ነኝ።