ሰጋቱራ ውስጥ የተከልኩት ሽንኩርት ቢጫ ሆነብኝ

እባካችሁ የሞከራችሁ ካላችሁ እርዱኝ። ሰበታ መውጫ ላይ ነው የምኖረው። ግቢዬ ከቤት ግንባታ የተረፈ ኮረትና ሲሚንቶ ነው፤ አፈር ብሎ ነገር የለም። ስለዚህ በቀለም ባልዲ ለመትከል ወሰንኩ። ሥራቸውን በስቼ፣ ግማሾቹን በታጠበ ቀይ አሽ (ቀዩ የእሳተ ገሞራ ጠጠር) ብቻ፣ ግማሾቹን በቀይ አሽና በሰጋቱራ ሞላሁ። ሰጋቱራውን ከሰፈር እንጨት ቤት በነፃ ነው ያመጣሁት፤ ገና ትኩስ ነበር። (ነፃ ነገር መቼም ያጓጓል።)

ችግኙ ቦምቤ ሬድ የሚባለው የቀይ ሽንኩርት ዝርያ ነው። ከተከልኩት 7 ሳምንት ሆነው። ቀይ አሽ ውስጥ ያለው ደህና ነው፤ ግን ጠዋት አጠጥቼው ቀትር ላይ ደርቆ አገኘዋለሁ። ሰጋቱራ ያለበት ግን ከታችኛው ቅጠል ጀምሮ ከጫፉ ቢጫ እየሆነ ይደርቃል። ትናንት አንዱን ነቀልኩት። ሥሩ ነጭ ነው፣ አይሸትም፤ ሰጋቱራው እንደ ዳቦ ፍርፋሪ ተጣብቆበታል። የሽንኩርቱ ራስ ግን የባቄላ ፍሬ እንኳን አያክልም።

ትኩስ ሰጋቱራ ሲበሰብስ ተክሉን ናይትሮጅን ይሻማል ይባላል። ዩሪያ (ናይትሮጅን ያለው ማዳበሪያ) በጥብጬ ላጠጣው ወይስ ጨው ያበዛበታል? ሽንኩርት ጨው አይወድም። ወይስ ነቅዬ፣ ሰጋቱራውን በቡና ገለፈት ልቀይረው? እሱስ መጀመሪያ መብላላት አለበት? ለስንት ጊዜ?