ለልጆቻችን የሕግ ድጋፍ፦ ረቂቅ 2 ላይ አስተያየት (እስከ ሐሙስ ብቻ)

ጸሐፊው፦ ረቂቁን ለጥፌያለሁ። እሁድ ድንኳን ስር የተባባልነው ነው፣ ከኪሴ ያወጣሁት የለም። ከ18 ዓመት በታች ልጁ በፖሊስ የተያዘበት አባል ለእድሩ ይደውላል፣ ሁለት ሰው አብሮት ጣቢያ ይሄዳል፣ ጠበቃ ካስፈለገ እስከ 15,000 ብር ከመጠባበቂያው ተበድሮ በ10 ወር ይመልሳል፣ ለሚሄዱት ሁለት ሰዎች የባጃጅ 300 ብር። ለዓመቱ በጠቅላላ 60,000 ይያዝ ነው። ጉባኤው ዘንድሮ ካላጸደቀው ድፍን ዓመት መጠበቃችን ነውና ቶሎ በሉ።

ገንዘብ ያዥ፦ 300 ብር ባጃጅ ወዴት ነው? ጣቢያው እኮ ከእድሩ እቃ ቤት ጮክ ብለህ ብትጣራ የሚሰማበት ነው።

የሽምብጥ ልጅ፦ ከ60 ሺ ውስጥ 300ዋ ታየችህ ኪኪኪ

ባለመረቡ፦ እኔ 300ውም 15 ሺውም አልገባኝም። የጠፋው የዓሣ መረብ የኔ መሆኑን ሁላችሁም ታውቃላችሁ። 11 ዓመት ሙሉ መዋጮ አንድ ወር ሳላሳልፍ ከፍያለሁ፣ አሁን በራሴ ብር መረቤን ለወሰደ ልጅ ጠበቃ ላቁም? ይሄ የት አገር ነው ያለው

ጸሐፊው፦ አያ፣ ለዚህ ልጅ አይደለም ወደፊት ለሚመጣው ነው

ባለመረቡ፦ እሁድ ነገሩ የተነሳው በማን ምክንያት ነው? አታድበስብስ።

እናት ዓለም፦ በኔ ልጅ ምክንያት ነው፣ ማንም አይደብቅልኝ። መረቡን ወሰደ አልወሰደ ፍርድ ቤት ይየው፣ እኔ አላየሁም አንተም አላየህም። ግን ያየሁትን ልንገራችሁ። አርብ ማታ ከሐይቁ ዳር ከሶስት ትልልቅ ልጆች ጋር ያዙት ሲሉኝ በነጠላ ጫማ ነው የሮጥኩት፣ ዕድሜው ስንት ነው አሉኝ 14 አልኩ፣ ወረቀት አለሽ አሉኝ የለኝም፣ የሚካኤል ለት ነው የወለድኩት ብል እየሳቁ እኛ የጠየቅንሽ ዓመቱን ነው አሉኝ፣ ቁመቱን አይተው 19 ብለው ጻፉት። በቃ 19 ሆነ፣ ከአዋቂ ጋር አደረ። ምሳቃውን ይዤ በሩ ላይ ካለው ድንጋይ ተቀምጬ ሽሮው በረዶ እስኪሆን ድረስ ማንም አልተቀበለኝም። ቅዳሜ የክትባት ካርዱን ፍለጋ ቤቱን ገለበጥኩት፣ ቤት ስንቀይር ጠፍቷል። እግዜር ይስጠውና ጡረተኛው ነው የክርስትናውን መዝገብ ያስታወሰኝ፣ ሰበካ ጉባኤው ቢሮ ሄደን መዝገቡ ሲገለጥ ክርስትና የተነሳው ሰኔ 22 ቀን 2003፣ ወንድ በ40 ቀን አይደል፣ ወደ ኋላ ስንቆጥረው ግንቦት 12 ላይ ወደቀ፣ ሚካኤል! ያቺን ወረቀት ይዤ ስመለስ ነው ለዕድሜ ምርመራ ሆስፒታል የላኩት ከዛም ከአዋቂ የለዩት። በነዛ ሁለት ቀኖች የቸገረኝ ጠበቃ አልነበረም፣ የትኛውን ወረቀት ይዤ ወዴት እንደምሮጥ የሚነግረኝ ሰው ነው ያጣሁት።

ባለመረቡ፦ እህቴ ላንቺ አይደለም የተናገርኩት

እናት ዓለም፦ ለማን ነው ታዲያ

ጡረተኛው፦ ቀስ በሉ እንጂ። እኔ መዝገብ ቤት ነው ያረጀሁት፣ ልንገራችሁ። በ1996ቱ የወንጀል ሕግ ከ9 ዓመት በታች ያለ ልጅ ጭራሽ በወንጀል አይጠየቅም። ከ9 እስከ 15 ያለው ወጣት ጥፋተኛ ነው የሚባለው፣ ለሱ ወቀሳ አለ፣ በቤት ወይም በትምህርት ቤት ተወስኖ መቆየት አለ፣ ጠባይ ማረሚያ አለ፣ እስር ቤት የመጨረሻ ነገር ነው እሱም ለከባዱ ወንጀል። ከ15 እስከ 18 እንደ ትልቅ ሰው ይከሰሳል ግን ቅጣቱ ሊቀልለት ይችላል፣ ሞት አይፈረድበትም። ስለዚህ በ14 እና በ19 መሀል ያለውን ልዩነት እዩት። ያቺ በቁመት የተጻፈች ቁጥር ናት ልጁን ከአንዱ ሕግ ወደሌላው ያሻገረችው።

የሽምብጥ ልጅ፦ ጋሼ የወንጀል ሥነ ሥርዓት ሕጉስ? አንቀጽ 171 እና ቀጥሎ ያሉት

ጡረተኛው፦ ጎበዝ። የ1954ቱ ሥነ ሥርዓት ሕግ ከ171 ጀምሮ የልጆች ነው። ፖሊስ ልጁን ወዲያው ቅርብ ወዳለው ወረዳ ፍርድ ቤት ማቅረብ አለበት፣ ቀጠሮ ካስፈለገ ልጁ የሚሰጠው ለወላጅ ወይ ለዘመድ ነው፣ እነሱ ከሌሉ ለታመነ ሰው፣ ቀኑ ሲደርስ ያቀርቡታል። ችሎቱም በዳኛው ቢሮ በዝግ እንጂ ሰው በታጨቀበት አዳራሽ አይደለም። ወላጅ ወይ አሳዳጊ ካልቀረበ ወይም ክሱ ከ10 ዓመት በላይ ፅኑ እስራት የሚያስቀጣ ከሆነ ጠበቃ የሚያቆምለት ራሱ ፍርድ ቤቱ ነው። ከአዋቂ ተለይቶ መያዙ ደግሞ በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 36 አለ። የወሳኝ ኩነት ምዝገባ የተጀመረው በ2008 መጨረሻ ነው፣ አሁን 14 እና 15 የሆኑት ከዚያ በፊት የተወለዱ ናቸው፣ የልደት ወረቀት የሌላቸው በእናቶቻቸው ስንፍና አይደለም።

የሽምብጥ ልጅ፦ ዩኒቨርሲቲው ሕግ ትምህርት ቤት ነፃ የሕግ ድጋፍ አለው እኮ፣ አቅም ለሌለው በነፃ ነው። እኔ የሚያስፈልጉትን ወረቀቶች ዝርዝር አዘጋጅቼ አንድ ገጽ አደርገዋለሁ፣ የክትባት ካርድ፣ የክርስትና ወረቀት፣ የትምህርት ቤት መመዝገቢያ፣ ሁሉም አባል ከአሁኑ ፎቶ አንስቶ ስልኩ ላይ ያስቀምጥ። እስከ ነገ ማታ።

ገንዘብ ያዥ፦ ነፃ ካለ 60 ሺው ለምንድነው? እኔ ያልኩትስ አልተመለሰልኝም፣ 300 ብሩ።

ባለባጃጁ፦ ይሄ 300 ብር ምን አደረገህ ወንድሜ። ሌሊት 6 ሰዓት ልጅ ተያዘ ብለህ ስትደውልልኝ ከእንቅልፌ ነው የምነሳው። ቤንዚን ለመቅዳት በ9 ሰዓት ሌሊት ነው ወረፋ የምይዘው እንቅልፌን ማን ይከፍለኛል

ገንዘብ ያዥ፦ ቀን ቢሆንስ? ረቂቁ ቀንም ማታም 300 ነው የሚለው።

ባለባጃጁ፦ ቀንም ደርሶ መልስ ነው፣ መጠበቅም አለ፣ ጣቢያ በር ላይ አንድ ሰዓት ቆሜ ስንት ጭነት ያልፈኛል

ገንዘብ ያዥ፦ ጡሩንባ ነፊያችን ሰፈሩን በእግሩ ሲዞር ይኸው ስንት ዓመቱ፣ ለነጠላ ጫማ እንኳ ጠይቆን አያውቅም። ለጣቢያ ባጃጅ!

ባለባጃጁ፦ እሱን ባሪያ አድርጋችሁ የያዛችሁት እናንተ ናችሁ እኔን ከሱ ጋር አታወዳድረኝ

ጸሐፊው፦ ቃላት እየመረጣችሁ እባካችሁ

የድንኳን ኃላፊ፦ ጡሩንባ ነፊው ራሱ ግሩፑ ውስጥ አለ፣ እያነበበ ነው።

ገንዘብ ያዥ፦ እሱን አከበርኩ እንጂ ምን አልኩ

ባለባጃጁ፦ ይቅርታ ለሱ። ለአንተ ግን አይደለም።

የድንኳን ኃላፊ፦ ይሄን ካነሳችሁ አይቀር ለቀብርም ባጃጅ ይታሰብ። ባለፈው አሮጊቶቹ ፀሐዩ አናታቸውን እየመታቸው ነው በእግራቸው የሄዱት፣ እኛ ወንበርና ድንኳን በጋሪ ጭነን ነው ያለፍናቸው። እኔ አፈርኩ።

ገንዘብ ያዥ፦ ይሄ ቁም ነገር ነው። ለቀብር ከሆነ እኔም እስማማለሁ፣ ለእድር ዓላማም ቅርብ ነው።

ጡረተኛው፦ የጀመርነው ሌላ ነገር ነበር

ባለባጃጁ፦ ለቀብር እኔና ሌሎች አራት ልጆች በወር ኮንትራት እንገባለን፣ በዋጋው እንነጋገር። ሲያስፈልግ ለጣቢያውም ያው ባጃጅ ይሄዳል፣ 300 የሚባል ነገር አይኖርም።

ጸሐፊው፦ ጥሩ። ረቂቅ 3 ላይ ርዕሱን «የትራንስፖርትና የማኅበራዊ ድጋፍ» ብዬዋለሁ። የጠበቃው ብድር ወደ 5,000 ወርዷል፣ ቀሪው ለባጃጅ ኮንትራቱ። የሕግ ነገር ዝርዝሩ በሚቀጥለው በጀት ይታያል። የሽምብጥ ልጅ ያቺ አንድ ገጽ የት ደረሰች?

ጸሐፊው፦ የሽምብጥ ልጅ?

የድንኳን ኃላፊ፦ ፈተና ላይ ነኝ ብሎኛል። የሁለቱ ሰዎችስ ጉዳይ? እሁድ እጅ ያወጡት ሰባት ነበሩ።

ጸሐፊው፦ ሁለቱ ግሩፑን ለቀው ወጥተዋል፣ አንዱ ዘጌ ለቡና ሄዷል። ሌሎቹን እየደወልኩ ነው።

ጡረተኛው፦ እኔ እሄድ ነበር ጉልበቴ ነው ያስቸገረኝ። ቢያንስ ይቺን ጻፍልኝ፦ ልጁ ሲያዝ ወላጅ ወይ ሰው ሳይኖር ቃል ሰጥቶ እንዳይፈርም፣ ዝም የማለት መብት አለው። ይሄ ገንዘብ አይጠይቅም።

ጸሐፊው፦ እሺ ጋሼ፣ ማስታወሻ ብዬ ከታች አስገባታለሁ።

እናት ዓለም፦ የልጄ ቀጠሮ ማክሰኞ 3 ሰዓት ነው። ማን ነው አብሮኝ የሚመጣው?

ባለባጃጁ፦ እኔ አደርስሻለሁ እትዬ፣ ሒሳብ የለውም።

ባለመረቡ፦ እኔም ለዛው ሰዓት ተጠርቻለሁ። በዛችው እንሂድ፣ 2 ተኩል ላይ ድልድዩ ጋ ልጠብቅ?

እናት ዓለም፦ ጠብቅ።

ገንዘብ ያዥ፦ ሁለት አባል በአንድ ባጃጅ ከሆነ ኮንትራቱ ላይ እንደ አንድ ጉዞ ነው የሚያዘው፣ ከአሁኑ ይጻፍ።