የ11ኛ ክፍል ተማሪዎችን የሐሳብ አደረጃጀት በምን ልመዝን?

ጥያቄ (የአማርኛ መምህርት፣ ደብረ ብርሃን)

ጤና ይስጥልኝ መምህራን። 11ኛ ክፍል አማርኛ አስተምራለሁ፤ አራት ክፍል ነው፣ በእያንዳንዱ ከ60 የሚበልጥ ተማሪ አለ። ከተከታታይ ምዘናው 10 ነጥብ ለድርሰት መድቤያለሁ። የፊደል ግድፈትና ሥርዓተ ነጥብ ማረም አያስቸግረኝም። የሚያስቸግረኝ «የሐሳብ አደረጃጀት» የሚባለው ነው። አንዱ ልጅ ብዙ ያውቃል፣ የጻፈው ግን የተበታተነ ነው። ሌላዋ ሦስት ሐሳብ ብቻ ይዛ አሰካክታ ታስነብባለች። ሁለቱም 6 ያገኛሉ። «ቲቸር፣ ምን ጎደለኝ?» ሲሉኝ ቁርጥ ያለ መልስ ልሰጣቸው እፈልጋለሁ። ያንኑ ወረቀት ሌላዋ የአማርኛ መምህርት ስታርመው ደግሞ 8 ትሰጠዋለች።

ለምሳሌ ይህን አንቀጽ ስንት ትሰጡታላችሁ?

«ስደት ብዙ ጉዳት አለው። በመሆኑም ወጣቶች ሥራ ያጣሉ። ከዚህም በተጨማሪ ደላሎች ገንዘብ ይቀበላሉ። ስለዚህ ቤተሰብ ይጨነቃል። በአንጻሩ መንግሥት ሥራ መፍጠር አለበት።»

መልስ (የአማርኛ መምህር፣ ደሴ)

መምህርት፣ ችግሩ ከእርማቱ በፊት ከትእዛዙ ይጀምራል። «ስለ ስደት ጻፉ» ሲባሉ የሚመዘነው እውቀታቸውም፣ ቋንቋቸውም፣ አደረጃጀታቸውም በአንድ ላይ ነው። አደረጃጀቱን ለይተው ማየት ከፈለጉ ሐሳቡን እርስዎ ይስጧቸው። እኔ በሰሌዳው ላይ አሥር ያህል ሐሳብ አዘበራርቄ እጽፋለሁ። የስደት መንስኤ፣ የጉዞው አደጋ፣ በቤተሰብ ላይ የሚያደርሰው ጫና፣ መፍትሔ፤ መሐል ላይ ከርእሱ ጋር የማይሄዱ ሁለት ሐሳቦች ጣል አደርጋለሁ። የማይሄደውን እንዲያስወጡ፣ የቀረውን እንዲመድቡና በቅደም ተከተል ቢጋር (የድርሰቱን ንድፍ) እንዲያወጡ፣ ከዚያ እንዲጽፉ አዛለሁ። ጥሬ ሐሳቡ ለሁሉም እኩል ስለሆነ በወረቀቶቹ መካከል የሚታየው ልዩነት በአብዛኛው የአደረጃጀት ነው። ጊዜ ካጠረዎት ቢጋሩን ብቻ ያርሙ፤ ልጁ ምን ከምን በፊት እንዳስቀመጠ በአንድ እይታ ይታያል።

መልስ (የእንግሊዝኛ መምህር፣ ሐዋሳ)

በእኛ ትምህርት በብዛት የምንጠቀምበት እነ ጃኮብስ የተባሉ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1981 ያወጡት የድርሰት መመዘኛ ነው። ከ100 ለይዘት 30፣ ለአደረጃጀት 20፣ ለቃላት 20፣ ለቋንቋ አጠቃቀም 25፣ ለአጻጻፍ ሥርዓት 5 ይሰጣል። ነጥቡ ተለይቶ መሰጠቱ ብቻውን ትልቅ እገዛ ነው፤ «6 አገኘህ» ማለት ቀርቶ «ይዘትህ ጥሩ ነው፣ የወደቅኸው አደረጃጀት ላይ ነው» ማለት ይቻላል።

ለአማርኛ ክፍል ግን አራት ደረጃ ይበቃል ባይ ነኝ። ደረጃዎቹን «በጣም ጥሩ፣ ጥሩ» ብለው አይተዉአቸው፤ ወረቀቱ ላይ በሚታይ ነገር ይግለጿቸው። 4 የሚያገኘው እያንዳንዱ አንቀጹ አንድ ዋና ሐሳብ የያዘና የአንቀጾቹን ቦታ ብንቀያይር ጽሑፉ የሚፈርስ ነው። 3 ላይ ቅደም ተከተሉ አለ፣ ግን ከርእሱ የወጣ ወይም የተደገመ ሐሳብ ይገኛል። 2 ላይ አንቀጽ ተከፍሏል፣ ነገር ግን በአንዱ አንቀጽ ውስጥ ሁለት ሦስት ጉዳይ ተደባልቋል። 1 ዐረፍተ ነገሮቹ እንደመጡ የተደረደሩበት ነው። ያቀረቡት አንቀጽ ለእኔ ከ1 አያልፍም።

መልስ (ጡረተኛ መምህር፣ ደብረ ማርቆስ)

ልጄ፣ ከላይ የተባለው ሁሉ ደግ ነው። አንድ ነገር ግን ተጠንቀቂ፤ አያያዥ ቃላትን እየቆጠርሽ ነጥብ አትስጪ። ያንን አንቀጽ እዪው። «በመሆኑም»፣ «ከዚህም በተጨማሪ»፣ «ስለዚህ»፣ «በአንጻሩ» ሁሉም አሉበት፣ ሐሳቡ ግን አልተያያዘም። ስደት ስላለ ነው ወጣቱ ሥራ ያጣው? ነገሩ የተገላቢጦሽ ነው። መንግሥት ሥራ ይፍጠር ማለትስ ከቤተሰብ ጭንቀት ጋር ምን «በአንጻሩ» አለው? አያያዦቹን በእርሳስ ሰርዢና አንብቢው፤ ሐሳቡ ካልተከተለ ቀድሞም አልነበረም።

አማርኛ ደግሞ ሐሳብን በግሡ ላይ ያያይዛል። እስቲ ይህን ተመልከቺ፦ «ሥራ ያጣው ወጣት ለመሰደድ ሲነሣ፣ ደላላው ቤተሰቡ የተበደረለትን ገንዘብ ተቀብሎ በረሃ ላይ ይጥለዋል፤ ወላጆቹም ዕዳው ላይ የልጃቸው ነገር ተጨምሮባቸው ሲጨነቁ ይከርማሉ።» አንድም «በመሆኑም» የለበትም፣ መንስኤና ውጤቱ ግን አልተዛነፈም። እንዲህ የጻፈ ልጅ አያያዥ ቃል አልተጠቀመም ተብሎ ነጥብ ቢቀነስበት ግፍ ነው።

ሌላው ኃይለ ቃል፣ ማለትም የአንቀጹን ዋና ሐሳብ የያዘው ዐረፍተ ነገር ነው። ከውጭ የመጣ መመዘኛ ሲተረጎም «ኃይለ ቃሉ መጀመሪያ ላይ ይገኛል» የሚል ሐረግ ይዞ ይመጣል። እኛ ግን ኃይለ ቃል በአንቀጹ መጀመሪያም፣ መካከልም፣ መጨረሻም ሊውል እንደሚችል ነው የምናስተምረው። ዙሪያውን አስቀድሞ ቁም ነገሩን መጨረሻ ላይ የሚያሳርፍ ተማሪ ካለሽ፣ ዐረፍተ ነገሮቹ ወደዚያ ማድረሳቸውን መዝኚ።

ጠያቂዋ

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። ጋሼ፣ በእርሳስ የመሰረዙን ዘዴ ነገውኑ ክፍል ውስጥ አሠራቸዋለሁ። ሁለት ነገር ቀረኝ። ከ240 በላይ ወረቀት ነው፤ ደግሞም ከባልደረባዬ ጋር የሁለት ነጥብ ልዩነታችንን እንዴት እናጥብበው?

መልስ (የቋንቋ ትምህርት ክፍል ኃላፊ፣ አዲስ አበባ)

ለልዩነቱ፦ እርማት ከመጀመራችሁ በፊት አምስት ስድስት ወረቀት ምረጡ፣ ስሙን ሸፍናችሁ ኮፒ አድርጉት። እያንዳንዳችሁ ለብቻ አርሙና ቁጭ ብላችሁ አወዳድሩ። ልዩነት የታየበትን ወረቀት «የትኛውን ዐረፍተ ነገር አይተሽ ነው?» እየተባባላችሁ ተነጋገሩበት። ከተስማማችሁ በኋላ ለእያንዳንዱ ደረጃ አንድ ወረቀት ናሙና አስቀሩ፤ ስታርሙ ሲያጠራጥራችሁ ከናሙናው ጋር ታስተያያላችሁ። የእጅ ጽሑፉ ያማረ ልጅ አደረጃጀቱም ያማረ እንደሚመስለን አትርሱ፤ ለዚህም ናሙናው ይረዳል።

ለብዛቱ፦ ተማሪዎቹ የመጀመሪያውን ረቂቅ እርስ በርስ ይለዋወጡ። አንባቢው ተማሪ በየአንቀጹ ጎን፣ አንቀጹ ምን እንደሚል በአንድ ዐረፍተ ነገር ይጻፍ። መጻፍ ካቃተው፣ ወይም የሁለት አንቀጽ ዐረፍተ ነገሩ አንድ ዓይነት ከሆነበት፣ ጸሐፊው የት ማስተካከል እንዳለበት ያለ መምህር ያየዋል። ይህን ለማሻሻያ እንጂ ለነጥብ አትጠቀሚበት። የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና በምርጫ ስለሆነ ልጆቻችን ጽፈው የሚነበብላቸው አጋጣሚ ጥቂት ነው። ጓደኛ እንኳ ሲያነብላቸው አጻጻፋቸው ሲለወጥ አያለሁ።

ጠያቂዋ

የደሴው መምህር፣ ሐሳቡን እኔ ከሰጠኋቸው ይዘቱን በምን ልመዝን?

መልስ (የአማርኛ መምህር፣ ደሴ)

10 ነጥቡን ለሁለት ይክፈሉት። የመጀመሪያው ሥራ ከ4 ይሁን፤ ሐሳቡ ከእርስዎ፣ የሚታረመው አደረጃጀቱ ብቻ፤ የሐዋሳው መምህር አራት ደረጃዎች እንዳሉ ይገባሉ። ሁለተኛው ከ6 ይሁን፤ ርእሱንም ሐሳቡንም ራሳቸው ያምጡ፣ 2 ለይዘት፣ 2 ለአደረጃጀት፣ 2 ለቋንቋ። በሁለቱ መካከል ቢያንስ ሁለት ሳምንት ይኑር፤ የመጀመሪያውን ወረቀት ታርሞ ሳያዩት ሁለተኛውን እንዳይጽፉ።