ለወንዱም ለሴቷም የሚሆን ፊልም ጠቁሙኝ

የናቲ እናት፦
ሰላም ለዚህ ቤት። ቅዳሜ ማታ ከእራት በኋላ ቤታችን ጦርነት ነው። ናቲ 9 ዓመቱ ነው፤ መኪና ካልተጋጨ፣ ሕንፃ ካልፈረሰ ፊልም አይመስለውም። እህቱ 6 ዓመቷ ነው፤ ልዕልትና ዘፈን ትፈልጋለች። የሱ ሲከፈት እሷ ትራስ ውስጥ ትደበቃለች። የሷ ሲከፈት እሱ «የሴት ነው» ብሎ ስልክ ይለምናል። በዚህ መሃል ባለቤቴ ሪሞቱን ያነሳና ዜና ይከፍታል። ሁለቱን አንድ ሶፋ ላይ የሚያስቀምጥ ፊልም የምታውቁ? «ፍሮዝን» ግን አትበሉኝ፤ ዘፈኑን በእንቅልፌም እየሰማሁት ነው። ደግሞ ትንሿ ማንበብ ገና እየጀመረች ነው፤ እንግሊዝኛዋም እስከዚህም።

ሚጡ፦
እ.ኤ.አ. የ2004ቱን «ዘ ኢንክሬዲብልስ» ሞክሪው። ቤተሰቡ በሙሉ ልዩ ኃይል አለው። ወንዱ ልጅ እንደ ንፋስ ይሮጣል፣ ሴቷ ትሰወራለች። የኔዎቹ «እኔ እሱን ነኝ፣ እኔ እሷን ነኝ» ብለው ቤቱን አተራመሱት። ለ6 ዓመት ልጅ ግን ድብድቡ ትንሽ ይበዛል። ወደ 2 ሰዓት ስለሚሄድም እንቅልፍ ሊጥላት ይችላል።

ሲኒማ ወዳጁ፦
«የሴት ነው» የሚለውን ናቲ ብቻውን አልፈጠረውም። ዲዝኒም እንደዛው ነው የሚያስበው። የራፑንዘልን ተረት ፊልም ሲያደርጉት መጀመሪያ ስሙ «ራፑንዘል» ነበር። እ.ኤ.አ. በ2009 ያወጡት የልዕልት ፊልም የጠበቁትን ያህል ስላልሸጠ፣ ወንዶቹ እንዳይሸሹ ብለው በ2010 «ታንግልድ» አሉት። አንቺም ተንኮለኛ ሁኚ። ለናቲ «ሌባ የሚያመልጥበት ፊልም ነው» በይው። ውሸት የለውም፤ ሌባም አለ፣ እንደ ውሻ እያሸተተ የሚያሳድደው ፈረስም አለ። ልዕልቷም ዝም ብላ የምትቀመጥ አይደለችም፤ ሌባውን የተዋወቀችው ጭንቅላቱን በመጥበሻ መትታ ነው።

ጡረተኛው መምህር፦
ልጄ፣ አንድ የኢራን ፊልም ልንገርሽ። «የሰማይ ልጆች» ይባላል። የማጂድ ማጂዲ ሥራ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1997 የወጣ። አሊ የሚባል ልጅ የእህቱን የዛህራን ጫማ ሊያሰፋ ይወስዳል። ሲመለስ ድንች ሊገዛ ጎራ ባለበት ጫማው ይጠፋበታል። አባታቸው የኪራይ እንኳ ቸግሮታል። ስለዚህ ለማንም ሳይናገሩ የአሊን ሸራ ጫማ ለሁለት ይካፈሉታል። እሷ የጠዋት ፈረቃ ናት፣ እሱ የከሰዓት። ከትምህርት ቤት እየበረረች ትመጣለች፣ መንገድ ላይ ይቀያየራሉ፣ ቀጥሎ እሱ ይበራል። እኛም አገር በፈረቃ የተማረ ሰው ይሄንን ሩጫ ያውቀዋል።

ጫማው ለሷ ሰፊ ነው። አንድ ቀን ከእግሯ ወልቆ ቦይ ውስጥ ይገባና ውኃው ይዞት ይሄዳል። የልጅ ልጆቼ፣ ወንዱም ሴቷም፣ ብድግ ብለው «ያዢው! ያዢው!» ይሉ ነበር። ፍሬን እምቢ ብሎት ቁልቁል የሚበር ብስክሌትም አለ፤ ናቲ እሱን ይወደዋል። ከዚያ የሩጫ ውድድር ይመጣል። የሦስተኛ ሽልማቱ ጫማ ነው። አሊ አንደኛ መውጣት አይፈልግም፣ ሦስተኛ ነው የሚፈልገው! የቀረውን እዩት።

ቋንቋው ፋርስኛ ነው፤ ይሄ አያስጨንቅሽ። እኔ ከታች ያለውን የእንግሊዝኛ ጽሑፍ እያየሁ በአማርኛ እተርክላቸው ነበር። ንግግሩ ትንሽ ነው። አንዳንዴ ዝም ስል እነሱ ራሳቸው ይተረጉሙልኛል፣ ከኔ በተሻለ።

የናቲ እናት፦
ጋሼ፣ እግዜር ይስጥልኝ። ግን አያሳዝንም? ትንሿ የበዓል በግ ከታረደ ሳምንት የምታለቅስ ልጅ ናት።

ጡረተኛው መምህር፦
ሆድ ያባባል። የሚሞት ሰው ግን የለም፤ ክፉ ሰው እንኳ የለበትም። ቆጣ የሚል የትምህርት ቤት ኃላፊ አለ፤ እሱም አሊ ሲያረፍድ ነው የሚቆጣው። እኔም በሱ ቦታ ብሆን እቆጣ ነበር።

ሚጡ፦
እኔ ግን ያቺን የ3 ዓመቷን ምን ላድርጋት? ሁለቱ ሲያዩ እሷ ቴሌቪዥኑ ፊት ትቆማለች።

ሲኒማ ወዳጁ፦
ለሷ ፊልም ይረዝማል። «ጸሐይ መማር ትወዳለች»ን በስልክ ክፈችላት። በአማርኛ ነው፤ ቀጭኔዋንም ትወዳታለች። ድምፁን ብቻ ቀንሺው።