የድሪምላይነር ሞዴሌ ጀርባ ላይ ያለውን የመገጣጠሚያ መስመር እንዴት ላጥፋው?

የጅማዋ ጠያቂ፦ ጤና ይስጥልኝ። አክስቴ ከውጭ ስትመጣ ዝቬዝዳ የተባለው የሩሲያ ሞዴል አምራች የሠራውን የቦይንግ 787-8 (ድሪምላይነር) የፕላስቲክ ሞዴል አመጣችልኝ። መጠኑ 1፡144 ነው። አካሉ ግራና ቀኝ ተብሎ ለሁለት የተከፈለ ነው። የሞዴል ማጣበቂያ እዚህ ስላላገኘሁ በሱፐር ግሉ አጣበቅኩት፣ በደንብ ይዟል። ግን ከአፍንጫው እስከ ጭራው መስመር ይታያል። ክንፉ ሥር ደግሞ ጥፍር የሚያስገባ ክፍተት አለ። የአብራሪዎቹን መስታወት ገና አልገጠምኩም። «ቀለም ይሸፍነዋል» የሚሉኝ አሉ። እውነት ነው?

ሞዴል ወዳድ፦ እህቴ፣ ቀለም አይሸፍነውም፤ ያጎላዋል። የሚያብረቀርቅ ነጭ ሲሆን ደግሞ ይብሳል። ይህ አውሮፕላን ላይ መስመሩ የግድ መጥፋት አለበት የምልበት ምክንያት አለኝ። የእውነተኛው 787 አካል ከካርቦን ፋይበር እንደ በርሜል ድፍን ሆኖ እየተሠራ ነው የሚቀጣጠለው። ስለዚህ ጀርባው ላይ በቁመት የሚሄድ መገጣጠሚያ የለውም። አየር መንገዳችን እ.ኤ.አ. በ2012 ከአፍሪካ ቀድሞ የተረከበው አውሮፕላን ነውና በደንብ ቢሠራ ደስ ይለኛል።

አሠራሩ እንዲህ ነው። መስመሩ ላይ በስፒል ጫፍ ቀጭን ሱፐር ግሉ አስኪጂበት። እንደደረቀ ወዲያው ሞርጂው፤ ካደረ ከፕላስቲኩ በላይ ይጠነክራል። ያኔ ብርጭቆ ወረቀቱ ሙጫውን ትቶ ጎንና ጎኑን ይበላል። የውሃ ብርጭቆ ወረቀት ግዢ፦ 400፣ 600 እና 1000 ቁጥር። ቁራጭ እንጨት ላይ ጠቅልለሽ፣ ውሃ እየነከርሽ፣ በ400 ጀምሪ። የአካሉን ክብነት ተከትለሽ ሂጂ፤ አንድ ቦታ ላይ ብቻ ከፈተግሽ ጀርባው ጠፍጣፋ ይሆናል። ዓይን ያታልላል፣ ጥፍርሽን አሻግረሽ ጎትቺበት። ካልያዘሽ አልቋል ማለት ነው።

ባለ ጋራዡ፦ እኔ መኪና ነው የምቀባው፣ ግን ፕላስቲክም ብዙ ነክቻለሁ። ለክንፉ ክፍተት ሱፐር ግሉ አይሆንም። ሃርድነር የሚቀላቀልበትን የመኪና ስቱኮ ተጠቀሚ፣ ሲደርቅ ብዙም አይኮማተርም። ጋራዥ ብትጠይቂ ጣት ጫፍ የምታህል አይከለክሉሽም። ከዳርና ዳሩ የወረቀት ፕላስተር ለጥፊ፣ ስቱኮውን ግፊበት፣ ከመድረቁ በፊት ፕላስተሩን አንሺ። የምትሞርጂው ትንሽ ይሆናል።

ከዚያ ሁሉንም በሳሙና ውሃ አጥበሽ ግራጫ ፕራይመር (ከቀለም በፊት የሚነፋውን) ንፊበት። ያልታየሽ ጭረት ያኔ ብቅ ይላል። አስተካክለሽ እንደገና ንፊ።

አንድ ነገር ልጨምር። የጅማ ክረምት ለስፕሬይ አይመችም። ቲነሩ ሲተን ቦታው ይቀዘቅዛል፣ የአየሩ እርጥበት ቀለሙ ላይ ይቀመጣል፣ ማብረቁ ይጠፋል። ዝናቡ ጋብ ብሎ ፀሐይ የወጣችበትን ቀን ጠብቂ። ስስ ስስ አድርገሽ ደጋግመሽ ንፊ። ወፍራም ከነፋሽ ቲነሩ ፕላስቲኩን ራሱን ያቀልጠዋል።

ከጂረን፦ አፍንጫው ውስጥ ክብደት አስገብተሻል? ይህ ሞዴል በጎማው ሲቆም በጭራው ሊቀመጥ ይችላል።

የጅማዋ ጠያቂ፦ አላስገባሁም፣ አካሉ ደግሞ ተዘግቷል! ጋሼ ባለ ጋራዡ፣ ስለ ስቱኮው በጣም አመሰግናለሁ።

ከጂረን፦ መስታወቱ አለመገጠሙ ጠቀመሽ። በዚያ ቀዳዳ ማስገባት ትችያለሽ። ጎሚስታ ቤት ለባላንስ የሚለጥፉትን ቁራጭ ብረት ቆራርጠሽ ወደ ፊት ጨምሪ። ክንፉንና ጭራውን ለጊዜው በፕላስተር ይዘሽ፣ የኋላ ጎማው ሥር የመጻፊያ እርሳስ አጋድመሽ ሞክሪ፤ ወደ አፍንጫው ካዘነበለ ይበቃል።

ሞዴል ወዳድ፦ ባላንሱ የእርሳስ ማዕድን ከሆነ ግን በነጭ የእንጨት ኮላ እንዳታጣብቂው! ከጊዜ ጋር ይቀያየራል፣ ያብጣል፣ አፍንጫውን ይሰነጥቃል። በኢፖክሲ (ሁለቱ ተቀላቅለው በሚደርቁት ሙጫ) ያዢው። መስታወቱን ግን በተቃራኒው በነጭ ኮላ ለጥፊ፤ የሱፐር ግሉ ትነት መስታወት ላይ ነጭ ጉም ይተዋል።

የጅማዋ ጠያቂ፦ ገባኝ። ጭራው ላይ ያለውን አረንጓዴ፣ ቢጫ፣ ቀይ በብሩሽ ልቀባው ወይስ በውሃ የሚላቀቀውን ስቲከር ልፈልግ?

ሞዴል ወዳድ፦ ስቲከሩ ይሻላል፣ የብሩሽ ጠርዝ በዚህ መጠን ቀጥ አይልም። ነገር ግን መጀመሪያ ጭራው ማብረቅ አለበት። ሻካራ ላይ ከለጠፍሽው ከሥሩ አየር ይቀርና ብር ይመስላል። ለብ ያለ ውሃ ውስጥ ንከሪው፣ ከወረቀቱ በራሱ ሲንሸራተት በእርጥብ ብሩሽ ቦታው ላይ አስቀምጪው፣ ውሃውን በጥጥ ምጠጪ። አንድ ቀን ካደረ በኋላ ስስ ቫርኒሽ ንፊበት።

ባለ ጋራዡ፦ ቫርኒሹንም በፀሐይ ቀን!